በሚያበራ ፖሊመር በጣና ውሃ ውስጥ መዳብን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት አይተው ይሆናል። በዚያው ዓይነት አልትራቫዮሌት መብራት ውሃ ውስጥ የሟሟ መዳብን ማጋለጥ ይቻላል። ሥራው ቤተ ሙከራ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ይፈልጋል፤ በኩሽና አይሞከርም።

መጀመሪያ የሚያበራው ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል፣ ይዘጋጃል። 1 ግራም ሲትሪክ አሲድና ግማሽ ግራም ፖሊኢትሊንኢሚን (አሚን የበዛበት ፖሊመር) በ10 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ያሟሙና ከ200 ዲግሪ ሳያስበልጡ ያሙቁ። እንደ ማር ወፍሮ ሊያር ሲቃረብ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ሽንኩርት እንደሚያቁላላ ሰው አጠገቡ መቆም ግድ ነው። ቀጥኖ በመብራቱ ሥር ሰማያዊ ካበራ ተሳክቷል። የፖሊመሩ የአሚን ክፍሎች፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለባቸው፣ መዳብን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የተያዘው መዳብም ብርሃኑን ያደበዝዛል።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያ ይሠራል። 0.393 ግራም ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት በዲስትልድ ውሃ ሟሙቶ 1 ሊትር ሲሞላ፣ በሊትር 100 ሚሊ ግራም መዳብ ይይዛል። ከዚህ እያቀጠኑ በሊትር 0፣ 0.5፣ 1 እና 2 ሚሊ ግራም መዳብ ያላቸውን ያዘጋጁ። 2 የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ለሁሉም እኩል ፖሊመር ይጨምሩ። መዳብ ያለባቸው ሁሉም እኩል ከጨለሙ ፖሊመሩ አንሷል፤ ሁሉም እኩል ካበሩ በዝቷል።

አሁን ወደ ሐይቁ። ከባሕር ዳር ዳርቻ፣ ጭቃውን ሳይረግጡ፣ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ በሐይቁ ውሃ አለቅልቀው ይቅዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ውሃው በማጣሪያ ወረቀት ካለፈ በኋላም ቢጫነት ይቀረዋል። ያ ቢጫነት ራሱ ብርሃን ይውጣል። ብርሃኑ ስለደበዘዘ ብቻ «መዳብ አለ» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የተጣራውን ውሃ በሦስት ብልቃጥ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር ያድርጉና ፖሊመር ይጨምሩ። የመጀመሪያውን ከማነጻጸሪያዎቹ ጋር ለማስተያየት እንዳለ ይተዉት። በሁለተኛው ኢዲቲኤ ይጨምሩ፤ ኢዲቲኤ ብረታ ብረትን ከፖሊመሩ ይነጥቃል። ብርሃኑ ካንሰራራ ጥፋተኛው ብረት ነክ ነገር ነው፤ እንደደበዘዘ ከቀረ ቢጫነቱ ነው። በሦስተኛው ከመዳብ ፈሳሹ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በሊትር 1 ሚሊ ግራም የሚሆን፣ ይጨምሩ። ይህም ካልደበዘዘ ፖሊመሩ በዚህ ውሃ ውስጥ አይሠራምና ሙከራውን አይመኑት። እኔ ሦስተኛው ብልቃጥ የሌለበትን ውጤት አልቀበልም።

ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ወረቀቱ ላይ የቀረውን መዳብ ይህ ዘዴ አያየውም። ትርፍ ፈሳሹን ስም በተጻፈበት ጠርሙስ ያጠራቅሙ እንጂ ሐይቁ ላይ አይድፉት፤ ሰው የሚችለው የመዳብ መጠን ዓሣን ይገድላል።