የእህሉ ዋጋ ረግቶ የከብቱ ብቻ ሲዋዥቅ

የበርካታ ገበያዎችን ዋጋ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ እየመዘገብን ለገበሬዎች ስናሰራጭ፣ የእህሉ መስመር ረግቶ ሳለ የበሬ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይዘል ነበር፤ ሻጩም ገዢውም ገበያው እንዳልተነቃነቀ በሚናገሩበት ጊዜ ጭምር። በመጀመሪያ የሳምንቱን አማካይ ዋጋ በሚዲያን፣ ማለትም ዋጋዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው፣ ተካሁት፤ ዝላዩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እጅግ የራቁትን ዋጋዎች ማውጣቱ ደግሞ የሰቡትን በሬዎች እየጣለ ጭራሽ አሳሳተ።

መፍትሔው የተገኘው ከመለኪያው ነው። እህል የሚመዘገበው በኩንታል፣ ማለትም በ100 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በሬ ግን ክብደቱ ሳይታይ በቁጥር ስለሚመዘገብ፣ በአንዱ ሳምንት ወይፈን በሌላው ድልብ ሰንጋ ሲበዛ የሚለወጠው ገበያው ሳይሆን ለሽያጭ የቀረበው ከብት ነበር። ስለዚህ መዝጋቢዎቹ የደረት ዙሪያውን፣ ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ጀርባ ሳያላሉ አዙረው፣ እንዲሁም ከትከሻ እስከ ዳሌ መጨረሻ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር እንዲለኩ ተደረገ። ዙሪያው በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ ተባዝቶ ለ10,840 ሲካፈል የቁም ክብደቱን በኪሎ ግራም ይገምታል፤ ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 130 የሆነ በሬ 307 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ዋጋውን ለዚህ ክብደት ሳካፍል መስመሩ ረጋ። ድልብ ከብት በኪሎም ቢሆን ስለሚወደድ፣ ሰንጋና ወይፈን አሁንም በየራሳቸው ዓምድ ይመዘገባሉ።