ያገለገለ ፎር ዊል ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

«ትናንት ገዛኋት፤ እስቲ አንዴ እያት።»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋራዥ ላለው ሰው ከዚህ የባሰ ቃል የለም። ገንዘቡ ተከፍሏል። ደላላው ድርሻውን ይዞ ሄዷል። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል፤ ካልዘጋም ሊዘጋ ነው። እኔ ከሥር ገብቼ ያየሁትን ብናገር ሰውየው እንቅልፍ ያጣል። ዝም ብል ደግሞ ነገ ዓባይ በረሃ ላይ ይቆማል። መካኒክ የሚጠራው ከመግዛት በፊት ነው። ለአንድ ሰዓት ሥራ የምትከፍሉት ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር የቡና እንኳ አይሆንም። ስለ ቀለሟና ስለ ወንበሯ አልናገርም፤ እሱን እናንተም ታዩታላችሁ።

ፎር ዊሉን ሳይሞክሩ መግዛት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

ሰው የቤት አውቶሞቢል ትቶ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ወይም ሂሉክስ የሚገዛው ለምንድን ነው? ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከጮቄ ሥር ወዳሉት ቀበሌዎች ስለሚገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋልካው ጎማ ሲይዝ የፊት ጎማ ካልሳበ አትወጡም። ያን ሁሉ ብር የምትጨምሩት ለዚህ ነው። ከዚያ መኪናዋን አስፋልት ላይ እስከ ነዳጅ ማደያው ነድታችሁ ትመለሱና «አሪፍ ናት» ትላላችሁ። የፊት ጎማው ይሳብ አይሳብ በምን አወቃችሁ?

ጤፍ የሚነግዱ አንድ ሰው ፒክአፕ ላንድክሩዘር ገዝተው ክረምቱ ሲገባ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ጭቃ ውስጥ ተቀበረችባቸው። በትራክተር ተጎትታ እኔ ዘንድ መጣች። «ፎር ዊሉን አስገብቻለሁ፤ መብራቱም በርቶ ነበር» አሉኝ። ከሥር ገባሁ። የፊቱ ፕሮፔለር ሻፍት፣ ኃይሉን ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው ዘንግ፣ የለም። ተፈትቶ ተወስዷል። የቀድሞው ባለቤት ከተማ ለከተማ ስለሚነዳት ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብሎ አስፈትቶታል። መብራቱማ ይበራል፤ የሚበራው ማርሹ ሲገባ ነው፣ ጎማው ሲስብ አይደለም።

«ልጄ፣ ታዲያ ይሄን ማን ያያል?» አሉ።

ጋሼ፣ የሚገዛው ሰው ነዋ የሚያየው! ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ከካምቢዮው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ዘንግ መኖር አለበት። አንዱ ከጎደለ መኪናዋ የጭነት አውቶሞቢል ናት፤ ዋጋዋም እንደዚያው።

ዘንጉ ካለ ደግሞ ሞክሩት። የጠጠር መንገድ ወይም እርጥብ ሜዳ ፈልጉ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አታድርጉት፣ ማርሹን ያስጨንቃል። ሃርድቶፕና የቆዩት ሂሉክሶች የፊት ጎማቸው መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው፤ ሀብ የምንለው። በጣት መዞር አለበት። ፒንሳ ከጠየቀ ለዓመታት አልተነካም ማለት ነው። ሀቡን ቆልፋችሁ ፎር ዊሉን አስገቡና መሪውን እስከ ዳር አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መኪናዋ ትከብዳለች፤ የፊት ጎማ ጠጠሩን እየፋቀ ይዞራል። እንደ ወትሮው ቅልል ብላ ከዞረች ፊቱ አይስብም።

ቀጥሎ ቁሙና ከባዱን ማርሽ፣ ፎር ሎውን አስገቡ። በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ቁልቁለት ልቀቋት። በእርምጃ መውረድ አለባት። ማርሹ እየዘለለ ከወጣ ወይም ሲገባ ብረት ከተፋጨ ጥገናው ቀላል አይደለም። ፕራዶ ላይ ነገሩ ለየት ይላል፤ 90 እና 120 የሚባሉት አብዛኞቹ ሁልጊዜም በአራት ጎማ ነው የሚስቡት፤ እዚያ የምትሞክሩት ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የመሐል ዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው። ሻጩ «ሴንሰሩ ብቻ ነው የተበላሸው» ካለ ይሥራውና ያሳያችሁ። ሴንሰር ብቻ ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ አላሠራውም?

የዲፈረንሻሉን ዘይት መሙያ ብሎን አስፈቱና በጣት ንኩት። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ወንዝ እየተሻገረች የኖረች መኪና ናት፤ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ዕድሜው አጥሯል። ሃርድቶፕ ላይ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን ክብ ብረትም እዩት። ዘይትና ግራሶ ተደባልቆ ከፈሰሰ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። ይሄ መኪናዋን አያስጥልም፤ ዋጋዋን ግን ያስቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ራቭ ፎር ጥሩ መኪና ናት። ከባድ ማርሽ ግን የላትም። «ያው ፎር ዊል ናት» ለሚላችሁ ደላላ የፎር ዊል ዋጋ አትክፈሉ።

የሞቀ ሞተር ማየት

ሻጩ «ሞተሩን አሙቄ ጠበቅኳችሁ» ካላችሁ ነገ ጠዋት ተመለሱ። የማርቆስ የጠዋት ብርድ ነፃ መካኒክ ነው። ኮፈኑን በእጅ ነክታችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ራሳችሁ አስነሱ። ማሞቂያ ካንዴላው የደከመ ናፍታ ሞተር እዚያው ይጋለጣል።

ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ፣ የራዲያተሩም ውኃ የሚጎድል ከሆነ፣ ቴስታታውን፣ ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ክዳን፣ ጠርጥሩ። ጥቁር ጭስ ላይ ግን ወዲያው አትፍረዱ። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ይጠቁራል። ሜዳ ላይም ከጠቆረ የአየር ፊልትሮ ወይም ናፍታውን የሚረጨው ኖዝል ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈቱት። ጭስ እየገፋ ከወጣ ፒስተኑ አካባቢ ያለው ነገር አልቋል፤ አመስግናችሁ ውጡ።

ሜዳ ላይ ብቻ መንዳት

ባሕር ዳር ቆንጆ ከተማ ናት፣ ግን ሜዳ ናት። በሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ያልሞቀች መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ትፈላለች። ማርቆስና ደጀን አካባቢ የምትገዙ ከሆነ ፈተናው ከደጃችሁ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ውረዱ፤ ፍሬኑን ታያላችሁ። ውጡ፤ የሙቀት መቁጠሪያውን ታያላችሁ። መርፌው መሐል ላይ ቆሞ ከወጣችሁ ራዲያተሩም ቴስታታውም ደህና ነው። ሻጩ «ነዳጅ ያልቃል» ካለ ነዳጁን እናንተ ሙሉ። አሁንም እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሞተርን በዝና መግዛት

ላንድክሩዘር ሁሉ አንድ አይደለም። ሃርድቶፑ ላይ የምናውቀው 1ኤችዜድ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ነው። ይሰነፋል እንጂ በቀላሉ አይሞትም። የገጠር መካኒክም ይፈታዋል። የ90 ፕራዶ 1ኬዜድ ደግሞ ሦስት ሊትር ባለ ቱርቦ ነው። ጉልበት አለው፤ ግን አንዴ ከፈላ ቴስታታው ይሰነጠቃል። እሱን ስትገዙ «ፈልታ ታውቃለች?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ የሚመልስላችሁ የለም። ራዲያተሩን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ አስነሱና ውኃው ውስጥ አረፋ ይመጣ እንደሆነ ተመልከቱ።

ዲ ፎር ዲ የሚባል ናፍታ ሞተር ያላቸው ሂሉክሶችና ፕራዶዎች ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ኢንጀክተራቸው ግን ቆሻሻ ናፍታ አይወድም። በበርሜልና በጀሪካን ናፍታ የምትጠጣ መኪና ቆላ እርሻ ላይ ከርማ ከመጣች የአራቱን ኢንጀክተር ዋጋ አጣሩ፤ ከዚያ ተደራደሩ።

ከእነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ የውስጥ ቺንጋ (ታይሚንግ ቤልት) አላቸው። ጊዜው አልፎ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ማመን

አትመኑ። የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን መላጣነት እዩ።

ሻንሲውን መርሳት

ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባች መኪና ሳይ እጄ ይበላኛል። ማን ነው ሻንሲ ለውበት የሚቀባ? ፒክአፖች ከአቅም በላይ ስለሚጫኑ ከጋቢናው ጀርባ ይሰነጠቃሉ፤ ይበየዳሉ፤ ይቀባሉ። በሽቦ ብሩሽ ትንሽ ፋቅ አድርጉ። የሻንሲ ቁጥሩንም እዚያው አንብቡና ከሊብሬው ጋር በፊደል አስተያዩ፤ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ነው። ቁጥሩ በሞረድ የተነካ ከመሰለ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም። ስቱኮ ለማግኘት ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱ። በጎን በር ላይ ስቱኮ ቢገኝ የግጭት ነው፣ ይታለፋል። ጣሪያው ላይ ከተገኘ ተገልብጣለች።

«ስሙን ቀስ ብለን እናዛውራለን»

አይሆንም። በውክልና ብቻ ገዝተው የሚነዱ ሰዎች አሉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ከዚያ ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን እዩ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባት ከተመዘገበችበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩም ትፈርም፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃ ያቅርብ። ገንዘቡ ደግሞ ሰነዱ ሲፈረም በባንክ ይሂድ።

ከሁሉ የሚከፋው የቀረጥ ነፃ ጉዳይ ነው። «የእርዳታ ድርጅት መኪና ናት፣ በደንብ የተያዘች» ይሏችኋል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቶች በጊዜው ሰርቪስ ያደርጋሉ። ግን ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ስትተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ርካሽ የመሰላችሁ ዋጋ ግማሽ ዋጋ ብቻ ነው። በባለሀብት ስም ለእርሻ በገቡት ፒክአፖችም ነገሩ ይኸው ነው።

የአምናን ዋጋ ይዞ መምጣት

«ወንድሜ በዚህን ያህል ነው የገዛው» የሚል ሰው ስመጣ ስሄድ ያጋጥመኛል። ወንድምህ መቼ ገዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፎር ዊል ዋጋው በሥሪት ዘመኑ ብቻ መተመኑ ቀርቷል። ስለዚህ የስድስት ወር ወሬ ዋጋ አይደለም።

ዘመንም ሲነገራችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። የሥሪት ዘመን የሚጠራው በፈረንጅ ነው። የ2000 ሥሪት ፕራዶን በእኛ አቆጣጠር የሚሰማ ሰው ዕድሜዋን በሰባት ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል።

እኔ ዋጋ የማወጣው እንዲህ ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ሞተር፣ ያው ዓይነት ታርጋ ያላቸው መኪኖች ስንት እንደተጠየቀባቸው ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከማርቆስ አጣራለሁ። የተጠየቀው የተሸጠበት አይደለም፤ ስለዚህ በቅርቡ የገዛ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ መኪናዋ በመጀመሪያው ሦስት ወር የምትበላውን እጽፋለሁ፦ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ አሞርዛተር፣ ባሌስትራ፣ የዲፈረንሻል ጎሚኒ። የእያንዳንዱን ዋጋ መለዋወጫ ሱቅ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ የኦርጂናሉንም የኮፒውንም። ድምሩን ከገበያው ዋጋ ስቀንስ የሚቀረው ነው የመኪናዋ ዋጋ። ደላላው ይስቃል። ይሳቅ።

ሁለት ፕራዶ ያማረጠ አንድ መምህር ነበር። አንደኛዋ ከሌላዋ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ትረክስ ነበር። ርካሿ አምስት ጎማ፣ ፍሪሲዮንና የኢንጀክተር ሥራ ትፈልጋለች። ወረቀቱን ሠርቼ ሰጠሁት። ርካሿን ገዛ፤ ቀለሟ ነጭ ስለሆነ።

በጥርና በየካቲት አትቸኩሉ። ጤፉ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ላይ ሲገባ እዚህ አካባቢ ገዢ ይበዛል፣ ሻጭም ይኮራል። ክረምት መግቢያ ላይ የሚሸጥ ሰው ይለሳለሳል፤ ጭቃውም መሞከሪያ ይሆናችኋል።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ቆላ ወርዶ ይፈነዳል። ትርፍ ጎማውንም አውርዳችሁ እዩት፤ ክሪኩና መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውንም ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት አረጋግጡ።