በየግቢው ተረስተው የቆሙ አሮጌ መኪናዎችን ፈልጎ ስለማግኘት

አዲስ አበባ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለች ቮልስ በመንገድ ላይ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ብዙ ሰው ልብ የማይላቸው ግን የቆሙት ናቸው፤ በጓሮ ቆርቆሮ ሥር፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ሸራ ወይም ያረጀ ምንጣፍ ለብሰው፣ የማገዶ እንጨትና የተሰበረ ወንበር ተጭኖባቸው ዓመታት ያለፏቸው ቮልሶች፣ ፊያት ሰይቼንቶዎች፣ ሚሌቼንቶዎች፣ ፔጆ 404ዎችና ላንድሮቨሮች። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በእርሻ መጋዘን ውስጥ ነው። በእኛ አገር የሚገኘው ሰው በሚኖርበት ግቢ፣ ቤተሰቡ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ነው። በመሆኑም ወደ መኪናው የሚያደርሰው መንገድ በሰው በኩል ያልፋል፤ ይህን ያልተረዳ ፈላጊ በር ላይ ይቀራል።

መኪና ያለ ምክንያት አይቆምም፤ የቆመበትን ምክንያት ማወቅም ከምርመራው በፊት ግማሹን መልስ ይሰጣል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላና በተከተሉት የጭንቅ ዓመታት ብዙ ባለ መኪናዎች አገር ለቀው ወጥተዋል፤ ከእነርሱም መኪናውን ለዘመድ ወይም ለዘበኛ አደራ ሰጥተው፣ እመለሳለሁ ብለው የሄዱ ነበሩ። ሌላው መኪና ባለቤቱ ሲሞት ወራሾች ሳይስማሙ ቀርተው ይቆማል። ሌላው ደግሞ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫ ታጥቶለት ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፈላጊ መልካም ናቸው፤ መኪናው የቆመው ጤነኛ ሳለ ነውና። በሦስተኛው ምክንያት የቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቡራቶሩ፣ ዲናሞውና የፊት መብራቱ «ለጊዜው ለሌላ መኪና» እየተባለ አንድ በአንድ ተፈቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት «ለምን ቆመ?» የሚለው ነው።

ፍለጋው በእግር ቢሆን ይሻላል። እንደ ጉለሌ፣ ቀበናና ኦልድ ኤርፖርት ባሉ ነባር ሰፈሮች ሲዘዋወሩ፣ መኪና የሚያስገባ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ኖሮት ሥሩ ሣር የበቀለበት፣ ቤተሰቡ ግን በጎን ባለችው ትንሽ በር ብቻ የሚወጣና የሚገባበት ግቢ ካዩ ልብ ይበሉት። ትልቁ በር ለዓመታት ካልተከፈተ፣ ከበስተኋላው መንገዱን የዘጋ ነገር ሊኖር ይችላል። በሩን ከማንኳኳትዎ በፊት ግን ሰፈሩን የሚያውቁ ሰዎችን ይጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ፣ በእኔ ልምድ፣ በአንድ ቦታ ለረጅም ዓመታት የሠራ ጎሚስታ ነው፤ የማን መኪና ጎማ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተነፋ ያስታውሳል። ጡረታ የወጡ መካኒኮችና ባትላሜራዎችም እንደዚሁ፤ በሶማሌ ተራ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ለምን ዓይነት መኪና ምን ዕቃ ሲጠየቅ እንደነበረ አይረሱም። ቆራሌዎችንም መዘንጋት አይገባም። በየቤቱ በር እየዞሩ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ በመሆናቸው ከየግቢው ውስጥ ምን እንዳለ ከማንም በላይ ያያሉ፤ መኪናውን በኪሎ ከመግዛታቸው በፊት ወሬው እንዲደርስዎ ስልክ ቁጥርዎን ሰጥተዋቸው መሄድ ዋጋ አለው።

ይህን አጥብቄ የምለው ጊዜው እያጠረ በመሄዱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ በርካታ አሮጌ ግቢዎች ለልማት ፈርሰዋል። ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዕቃውን ጭኖ ሲለቅ፣ የማይንቀሳቀስ መኪና ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ችግር ሆኖ ይቀራል፤ የመጨረሻ ችግር ደግሞ ለመጀመሪያው ብረት ገዢ ይሰጣል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ሲፈለግ የአየሩን ጠባይ ማሰብ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ደረቅና ሞቃታማ ስለሆነች የመኪናው ቆርቆሮ ከዝገት ይተርፋል፤ በአንጻሩ የመቀመጫው ልባስ፣ የመስኮቱ ላስቲክና ቀለሙ በፀሐይ ተቃጥለው ይገኛሉ። ጅማና አካባቢዋ ግን ዝናቡና እርጥበቱ ስለሚበዛ ከላይ አምሮ የሚታይ መኪና ከሥሩ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ልባስ መቀየር የተበላ ሻንሲ ከመበየድ እጅግ ይቀላልና ምርጫ ካለ የደረቁን አገር መኪና መምረጥ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶችም ያረጁ ተሽከርካሪዎችን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቆመ መኪና ብዙውን ጊዜ የሞተ ሰው ዕቃ ነው። ሐዘን በገባበት ቤት አርባው ሳይወጣ ስለ መኪና ማንሳት ነውር ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ብቻዎን አይሂዱ፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ያስተዋውቅዎ። ገንዘብ ይዘው አይሂዱ፤ በመጀመሪያው ቀን ዋጋም አይጥሩ። ደላላ አስቀድሞ ከሄደ ነገሩ እንደሚበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡ ዕቃው የሚያወጣውን ሳያውቅ ይፈራል፣ ሲፈራም በሩን ይዘጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉለሌ አካባቢ የሰፈሩ ጎሚስታ ወደ አንዲት አዛውንት ግቢ ወሰደኝ። በመጀመሪያው ቀን ቡና ጠጥተን ስለ ባለቤታቸው ብቻ አወራን። በሁለተኛው ቀን እርሳቸው ራሳቸው «ልጄ፣ ለእሷ አይደል የመጣኸው፤ ና ልያት ካልክ» ብለው ወደ ጓሮ መሩኝ። የቮልሷን ሸራ ስናነሳ ከኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋለች። «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመችው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱ በእጁ ካቆማት ወዲህ ማንም አልነካትም» አሉኝ። ቁልፉ ከሥዕለ ማርያም ጎን ካለ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሊብሬው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር ተቀምጧል። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ሸራውን መልሰን አለበስናት፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታትም ስለ ወረቀቱ በረጋ መንፈስ ለመነጋገር ጊዜ አገኘን።

መኪናውን መመርመር የሚጀመረው ከቁጥሮቹ ነው። በቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የኋላ መቀመጫው ሲነሳ በመካከለኛው የወለል ጀርባ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ወዲህ የሻንሲው ቁጥር ሦስተኛ አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ይነግራል፤ ለምሳሌ 117 ብሎ የሚጀምር ተራ ቮልስ የ1967 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትን በኋላ መስተዋታቸው መለየት ይቻላል፤ እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩት ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 የተሠሩት እንቁላል ቅርጽ ያለው አንድ ትንሽ መስተዋት አላቸው። እነዚህን የመሰለ ቢያገኙ እጅግ ብርቅ ነውና ምንም ሳይነኩ ፎቶግራፍ አንሥተው ይውጡ።

ከዚያ ወደ ዝገቱ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ አሲዱ ያንን ወለል ይበላዋል፤ ምንጣፉን አንሥተው በመፍቻ ጫፍ በቀስታ ይጫኑት። ከበሮቹ ሥር ያለው ሙቀት የሚያልፍበት ቦይም ከውስጥ ይዝጋል፤ እርሱ ከሄደ የአካሉ ብርታት አብሮ ሄዷል። አዲስ ቀለም የተቀባ ፓራፋንጎ ካዩ ማግኔት ያስጠጉበት፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር በመሆኑ አይጦች በማራገቢያው መሸፈኛ ውስጥ ጎጆ ሠርተው እንደሆነ መታየት አለበት፤ ጎጆው ሳይወጣ የተነሣ ሞተር ግሎ ይቃጠላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የአይጥ ኩስ ያለበትን አቧራ አይጥረጉ፤ የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይንፉት።

ሻጭ ታሪክ ሊነግርዎ ይችላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተወስደው እንደወጡ ሁሉም ያውቃል፤ በዚህም ምክንያት «ይህች የጃንሆይ ነበረች» የሚል ቃል ከአንድ በላይ ግቢ ሰምቻለሁ። ታሪኩን በአክብሮት ያድምጡ፤ ዋጋ የሚጨምሩበት ግን ሊብሬ፣ የድሮ ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ ሲኖር ብቻ ይሁን።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ አንድም ነገር በይሉኝታ መታለፍ የለበትም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን ራስዎ ያመሳክሩ። ባለ ስሙ በሕይወት ከሌለ የሚሸጠው ወራሽ ነው፤ ለዚህም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾች ብዙ ከሆኑ ሁሉም መፈረም ወይም መወከል አለባቸው። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ስለሚቀር፣ በሟች ውክልና እሸጣለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ውሉ አይጸናም። አንዱ ወራሽ ውጭ አገር ካለ በሚኖርበት አገር ካለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይልካል፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይከብድም። መኪናው በዲፕሎማት ወይም በዕርዳታ ድርጅት ስም ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ከሆነ የጉምሩኩ ጉዳይ ሳያልቅ ስም አይዛወርም። እገዳና ዕዳ እንደሌለበትም ከመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተጠይቆ ይታወቅ። ቦሎው ለብዙ ዓመታት ያልታደሰ መኪና ምን ያህል ክፍያ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መጠየቅ ከሻጩ ጋር በኋላ ከመጣላት ያድናል። ገንዘቡ የሚሰጠው ውሉ በውልና ማስረጃ ሲፈረም ነው።

አሁን ወደሚያጓጓው ደርሰናል፤ መኪናው በተገኘበት ቀን ለማስነሣት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም። ይህን የምለው ካጠፋሁት ነው። ገና ስጀምር ናዝሬት ውስጥ አንድ ሰይቼንቶ አግኝቼ በዚያው ሰዓት ባትሪ አሰርኩለት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ዞሮ እንደ ብርጭቆ የተሰነጠቀ ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ። ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት የተጣበቀው የፒስተን ቀለበት ተሰብሮ ሲሊንደሩን ፍቆት ነበር። ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው ያዩ ነበር፤ የአባታቸው መኪና ነበረች። በአንድ ቀን ትዕግሥት የሚድን ሞተር ነበር፤ ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ይጨመርና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይተው። በማግስቱ ሞተሩን በዲናሞው ፑሌጋ (ቺንጋው በሚዞርበት ክብ ብረት) ላይ ባለው ዳዶ በኪያቬ በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ እንቢ ካለ ጨምሮ ዘይት አድርጎ መጠበቅ እንጂ በጉልበት መታገል የለም። የቆየው ቤንዚን እንደ አሮጌ ቀለም የሚሸትና የሚያጣብቅ ስለሚሆን ሁሉም ይውጣ፤ ታንከሩ ይታጠብ፤ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ ቮልሶችን ለእሳት ከሚዳርጉት ነገሮች ዋነኛው የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ነውና። የሞተር ዘይቱ ይቀየር፤ ቮልስ 2.5 ሊትር ይበቃታል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ 6 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ባትሪ ከማሰር በፊት ይጣራ። ፍሬኑ ሳይፈታ፣ የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየርና ጎማዎቹ ሳይለወጡ ሞተሩ ቢነሣም መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ ከግቢ የሚወጣው በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው።

እስከዚያው አይጠቡት። በምዕራብ ፈረንሳይ ለአሥርተ ዓመታት ተረስቶ የነበረው የባዮን ቤተሰብ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ ለጨረታ ሲቀርብ፣ መኪናዎቹ የቀረቡት ከነአቧራቸውና ከነዝገታቸው ነበር፤ ከጋዜጣ ክምር ሥር የተገኘችው ፌራሪም ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጣለች። የእኛዎቹ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያወጡም፤ የፋብሪካው ቀለም፣ የድሮው ታርጋ፣ በመስተዋቱ ላይ የቀረው የመጨረሻ ቦሎና በኪሱ ውስጥ ያለው ደረሰኝ ግን አንዴ ከጠፉ የሚተኩ አይደሉም። ሁሉንም ካሉበት ቦታ ፎቶግራፍ አንሥተው በየፖስታው ያስቀምጡ። በመኪናው ውስጥ የሚገኝ የግል ዕቃ፣ ደብዳቤም ሆነ መነጽር፣ በዕለቱ ለቤተሰቡ ይመለስ።

መኪናው ተጠግኖ ቦሎ ካገኘ በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ተገኘበት ግቢ ያድርጉት። የጉለሌዋ ቮልስ ስትመለስ ትልቁ በር ተከፍቶ ጠበቀን። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀኝ በኩል ወዳለው የፊት መቀመጫ ገቡ፤ ሳያዩ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ያለውን መያዣ ጨበጡ፣ ከዚያም «በል ንዳ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ» አሉኝ።