ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የተበላሹ ፎቶዎቻችሁን እዩ

ጀማሪ ሆናችሁ ካሜራ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሜጋፒክስል ማወዳደሩን ለጊዜው ተዉት። የስልካችሁን ጋለሪ ክፈቱና የተበላሹባችሁን ፎቶዎች ብቻ ለይታችሁ እዩ። የጎደላችሁ ነገር እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ወይም ማታ ተነስተው የደበዘዙ ከሆኑ ችግሩ የብርሃን እጥረት ነው። ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ግዙ። ውድ ካሜራ ከምትመርጡ ግን ከፊሉን ገንዘብ ለሌንስ አስቀሩት። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ይሰፋል። ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ ኤፍ 5.6 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን 10 እጥፍ ገደማ ያስገባል። የሚሮጥ ልጅ ስታነሱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ቶሎ ስለሚዘጋ እጅና እግሩ ጥርት ብሎ ይወጣል።

የተበላሹት ወፍ፣ ኳስ ጨዋታ ወይም መድረክ ላይ ያለ ሰው ከርቀት ያነሳችኋቸው ከሆኑ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ረጅም ዙም ነው። ስልክ ከሌንሱ አቅም በላይ ሲያቀርብ ምስሉን ቆርጦ ነው የሚያሰፋው፤ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ሌንስ መቀያየር ካልፈለጋችሁ ብሪጅ ካሜራ (ሌንሱ የማይነቀል፣ ረጅም ዙም ያለው ካሜራ) ይበቃችኋል። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ግን ለማታ አልመክረውም።

ይህን ያህል የተበላሸ ፎቶ ካጣችሁ አትቸኩሉ፣ ለጊዜው ስልኩ ይበቃል።

ዋና ዓላማችሁ ቪዲዮ ከሆነ ይሄ ዘዴ ብዙም አያግዝም። ያኔ መጀመሪያ የማይክ መሰኪያና የሚዞር ስክሪን እንዳለው አረጋግጡ።