ደሴ ብርድ ነው እንጂ ፍሪዘር አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ፍሮዝን (ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የተደረገ) አተርና ካሮት ሊያስመጣ ነው። «በምን?» አልኩት። «በአይሱዙ፣ ሸራ አልብሰን። ማታ ነው የሚነሳው ጋሼ፣ ደብረ ብርሃንና ጣርማበር ብርድ ነው፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ከዓመታት በፊት እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ማለቴ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ፍሮዝን አትክልት ልነግድ ብሎ የገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጉድጓድ በየተራ ይገባበታል። በስልክ መደጋገሙ ሰለቸኝ፤ እስቲ ጽፌ ልገላገል።

ብርድን አትመኑ። ፍሮዝን አትክልት የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ጣርማበር ሌሊት 5 ዲግሪ ቢሆን ለሾፌሩ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው። ለአተሩ ግን ከለመደው በ23 ዲግሪ የሞቀ አገር ነው! ደግሞ መንገዱ እዚያ አያበቃም። ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ትገባለህ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፤ ረዳቱ ሸሚዙን የሚያወልቅበት ቆላ ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወጥተህ ደሴ ስትገባ ብርዱ ይቀበልህና «ተመስገን፣ ደህና ገባ» ትላለህ። ምኑ ነው ደህና? ከላይ ያለው ቀልጦ፣ ውሃው ወደ ታች ወርዶ፣ አንተ ደግሞ ያንን ፍሪዘር ውስጥ ከተህ መልሰህ በረዶ አድርገህ ታደርቀዋለህ። በነጋታው አተሩ አንድ ላይ ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። እኔ ያንን ድንጋይ ለአንድ ሆቴል ሸጬ አውቃለሁ። የወጥ ቤቷ ኃላፊ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ኳ! አደረጉትና «የኔ ልጅ፣ አተር ነው ያዘዝኩህ እንጂ ብሎኬት አላዘዝኩህም» አሉኝ። ብሬን አልቀበልም ብዬ ይዤው ወጣሁ፤ ምን አፍ አለኝ።

ፍሮዝን አተር ከረጢቱን ስትነካው እንደ ጠጠር መንሸራተት አለበት። ከተጋገረ አንድ ቦታ ቀልጧል ማለት ነው። ስትገዛም ስትሸጥም ይህን ሳታይ እጅህን ኪስህ አትክተት።

ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ተከራየሁ ብለህም አትተኛ። አንዳንዱ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ማቀዝቀዣውን መንገድ ላይ አጥፍቶ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ያበራዋል። ስትከፍተው ቀዝቃዛ አየር ፊትህን ይመታሃል፣ ደስ ይልሃል። መላ አለው። የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አድርቅ፣ በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥ፣ ከዕቃው መሃል አስገብተህ ላከው። ሳንቲሟ ታች ሰምጣ ከደረሰች በረዶው መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ነበር። ከሾፌሩ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ ሳንቲሟን ማሳየት ነው። ሌላም አለ። መኪናው ዕቃ ከመጫኑ በፊት መቀዝቀዝ አለበት። የመኪና ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን እንዳለ ይይዛል እንጂ የሞቀውን አያደርቅም።

የቤት ፍሪዘርም ያው ነው፣ ሰው ግን አይሰማም። 300 ሊትር ፍሪዘር በአንድ ቀን በደንብ የሚያደርቀው ትኩስ አትክልት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ቢሆን ነው። እኔ ፎሶሊያ ረከሰ ብዬ 80 ኪሎ ጠቅጥቄበታለሁ። በሦስተኛው ቀን መሃሉ ለብ ብሎ ሸተተ። ሳይበላሽ ቀስ ብሎ ቢደርቅ እንኳ ትርፉ መልፈስፈስ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ በረዶ እየሆነ አትክልቱን ይቀደዋል፣ ስታበስለው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። መጀመሪያ በትሪ ላይ በስሱ ዘርግተህ ፍሪዘር ውስጥ አድርቅ፣ ከዚያ በከረጢት ሙላ። ትሪ ከሌለህ ትሪ ግዛ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ። «ዝም ብዬ አጥቤ ከትፌ ብጨምረውስ?» የሚል ሰው በሳምንት አንድ አላጣም። ብርድ አትክልቱን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሸው ነገር ፍሪዘር ውስጥም ቀስ እያለ ሥራውን ይሠራል። እሱን የሚያስቆመው ፈላ ውሃ ነው። የተፈለፈለ አተር አንድ ደቂቃ ተኩል፣ የተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ፣ ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ። በየቪዲዮው የምታዩት ይህ ነው፣ ትክክልም ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር! ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻም ቢሆን 94 ቢደርስ ነው። ስለዚህ በሁሉም ላይ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ይህንን እስካውቅ ድረስ ፎሶሊያዬ በሁለት ወሩ ድርቆሽ ድርቆሽ ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱን በገበሬው ላይ አድርጌ ያለ ጥፋቱ ስወቅሰው ከረምኩ። ድስቱንም አትሙሉት። ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ፍላቱ ይቆምና መቀቀል ይሆናል።

ቃሪያ ግን ይህ ሁሉ አያሻውም። አጥቦ፣ ውሃውን ጠርጎ፣ ከትፎ ፍሪዘር ማስገባት ነው። የተከተፈ ሽንኩርትም እንዲሁ።

ከቆቦና ከጊራና ቲማቲም ረክሶ ሲመጣ እጃችሁ ይበላችኋል፣ አውቃለሁ። ለሰላጣ ብላችሁ አታድርቁት፣ ሲቀልጥ ውሃ ነው። ለስጎ ከሆነ ይሁን። ጥሬ ድንች ይጠቁራል። ሰላጣና ኪያር በጭራሽ።

ጥቁር ፌስታል አትጠቀሙ። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

ዋጋ ላይ ብዙ ልጆች የሚወድቁት በቅርፊት ነው። እሸት አተር በኪሎ ይህን ያህል ገዛሁ፣ ትንሽ ጨምሬ እሸጣለሁ ይላሉ። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ አተር ለማግኘት ከ2 ኪሎ በላይ እሸት ትፈለፍላለህ፣ ለፈልፋዮቹ ትከፍላለህ፣ መብራት አለ፣ ከረጢት አለ። በዚያ ሒሳብ የሸጠ ሰው እየሳቀ ነው የሚከስረው። አተሩ ደግሞ ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጣፋጭነቱ እየሄደ ነው። ከደጋው ጠዋት የወረደውን ማታ ከፈለፈልከው ቀረ። በጆንያ ታምቆ ካደረ አትግዛው።

መብራት። ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱት! ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ይቆያል፣ ግማሽ የሆነ 24። እኔ የማውቀው አንድ ነጋዴ በየግማሽ ሰዓቱ ከፍቶ «ደህና ነው?» እያለ ይነካካው ነበር፤ ያቀለጠው መብራቱ ሳይሆን እሱ ነው። ክፍት ቦታ ካለም በውሃ በተሞላ ሃይላንድ ሙሉት፣ በረዶ ሆኖ ያግዛችኋል። ስታቢላይዘር ደግሞ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሞተሩን የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

ስለ ሥጋ አንድ ነገር። ወሎ ነን። ደንበኛህ የክርስቲያንም የእስላምም ቤት ነው፣ አንዳንዴ በአንድ ግቢ። አትክልቱን ከሥጋ ጋር በአንድ ፍሪዘር ካስቀመጥክ የማን ቤት ሥጋ ቢሆን ግማሹን ደንበኛ ታስቀይማለህ፣ በጾም ደግሞ ሌላውንም። የሐይቅ ዓሣም አብሮ አይገባም፣ ሽታው አተሩ ላይ ይቀራል። እኔ በአንድ ቀን ሦስት ምግብ ቤት ያጣሁት በዚህ ነው። ማንም አልተቆጣኝም። ዝም ብለው መደወል አቆሙ።

የጊዜው ነገርም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍላጎቱ የሚጨምረውም ያኔ ነው። ጾሙ ሲገባ አትክልት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው በውድ ገዝቶ በውድ ለመሸጥ ይለምናል። እሸቱ ከደጋ የሚወርደው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በወጉ የደረቀና ከዜሮ በታች በ18 የተቀመጠ ከ8 ወር በላይ ስለሚቆይ ያኔ መያዝ ነው። ከረጢቱ ላይ ቀን ጻፉበት፣ የቆየው ይቅደም።

ልጁ ማታ መልሶ ደወለ። አይሱዙውን ሰርዞታል። «ግን ጋሼ፣ ፍሪዘሩን በረንዳ ላይ ባደርገው ደሴ ብርድ ስለሆነ መብራት አይቆጥብልኝም?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይቆጥባል። የሐምሌን ዝናብ ምን ሊያደርገው እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም አለ።