ያለ እንጨት የሚከደን ቤት፦ የሀሰን ፈትሂ የጭቃ ጡብ ቅስት አሠራር

የግብጻዊው አርክቴክት የሀሰን ፈትሂ (1900–1989 እ.ኤ.አ.) ስም የሚነሣው ከጭቃ ቤት ጋር ቢሆንም፣ የሥራ ሕይወቱን የለወጠው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንጨትና ብረት ሲጠፋ ቤት በጭቃ ጡብ ቅስት ለመክደን ሞከረ፤ ተናደበት። ወንድሙ በደቡብ ግብፅ የሚኖሩ የአስዋን ኑቢያውያን ካሳፎርማ (ቅስቱ እስኪዘጋ ከሥር ደግፎ የሚይዝ የእንጨት ቅርጽ) ሳያቆሙ ቅስት እንደሚሠሩ ነገረው። ሄዶ አየ፣ ግንበኞቹንም አሠራ። በ1945 እ.ኤ.አ. ከሉክሶር ከተማ ማዶ የጀመረው የአዲስ ጉርና መንደር የተከደነው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።

ሥራው ከጡቡ ይጀምራል። ለግድግዳ ጡብ 1 ሜትር ኩብ አፈር፣ የዚያን ሲሶ አሸዋና 20 ኪሎ ያህል ጭድ በውኃ ተቦክቶ ቢያንስ ሁለት ቀን ይተዋል። የጣሪያው ጡብ ለብቻው ነው፦ 25 በ15 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ እንዲቀንስ ጭድ የበዛበት። ገና እርጥብ ሳለ በሰፊው ፊቱ ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በጣት ሁለት ቦይ ይሰመርበታል። ይህን የሚንቁ አሉ፤ ጡቡን ዘንበል ባለ ፊት ላይ ይዞ የሚያቆየው ግን ይኸው ቦይ ነው። በደንብ ሳይደርቅ አይነካም።

የክፍሉ ወርድ ከ3 ሜትር አይብለጥ። ሁለቱን የጎን ግድግዳዎች ወፍራም አድርገው እኩል ከፍታ ላይ ያቁሙ፤ የኋላውን ግን ከቅስቱ ጫፍ በላይ ያውጡት፤ ጣሪያው በሙሉ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው። የቅስቱን መስመር ኑቢያዊው ግንበኛ በዓይኑ ብቻ ያወጣዋል። እርስዎ በሁለት ሚስማር መካከል ሰንሰለት አንጠልጥለው ቅርጹን ይቅዱና ይገልብጡት። ግማሽ ክብ አይሥሩ፤ ጎኑ ይሰነጠቃል።

በኋላው ግድግዳ ላይ መስመሩን ተከትለው ጭቃ ይለጥፉና እንደ ዶማ በታጠፈ ትንሽ መጥረቢያ ያስተካክሉ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ፖንቴ (የግንበኛ መቆሚያ) ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ጡብ በጎን ግድግዳው አናት ላይ ይቆምና ቦይ ያለው ፊቱ ከተለጠፈው ጭቃ ጋር ይጣበቃል። እግሩ ሥር ጭቃ በሽብልቅ መልክ ይጠቀጠቃል፤ ቀጣዩ ረድፍ ወደ ኋላ እንዲያጋድል ነው። ሁለተኛው ረድፍ በግማሽ ጡብ ይጀምራል፤ መጋጠሚያዎቹ በአንድ መስመር ከዋሉ ጣሪያው ሊናድ ይችላል። ሦስተኛው ይበልጥ ያጋድላል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ረድፍ ከቀደመው ትንሽ ከፍ እያለ ሄዶ የግራውና የቀኙ አናት ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያው ሙሉ ቅስት ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ይፈጥናል፤ የለመዱ ሁለት ግንበኞች የ3 በ4 ሜትር ክፍል ጣሪያ በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሳሉ።

ጀማሪ የሚሳሳተው መጋጠሚያው ላይ ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ የጡቦቹ የውስጥ ጠርዝ ያለ ጭቃ በቀጥታ ይነካካ፤ በውጭ በኩል የሚቀረው ክፍተት በጠጠር ወይም በገል ይጠቅጠቅ። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ ከሲሶ በላይ ሊኮማተር ስለሚችል፣ በጠርዞቹ መካከል ከገባ ቅስቱ ወደ ታች ይሰምጣል። ሌላው ጥፋት ረድፉ ቀስ በቀስ ቀና እያለ መምጣቱ ነው፤ ያኔ ጡቡ ይንሸራተታል። በየጥቂት ረድፉ ቱምቢ (በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ጥለው ማጋደሉን ይለኩ።

የላይኛው (ደቡባዊው) ግብፅ ዝናብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በደጋው ክረምት ግን ይህ ቅስት ብቻውን አይቆምም፤ ውኃ የማያስገባ ክዳን ያሻዋል። መሠረቱም ድንጋይ ይሁን፣ እርጥበትና ጨው ወደ ጡቡ እንዳይወጣ። አዲስ ጉርናን ክፉኛ የጎዳው ከሥር የመጣው ውኃ ነው።