የጓሮ ማድ ቤታችንን ጥላና መብራት እንዴት እንዳስተካከልኩ

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ጓሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቷን ታቃጥላት ነበር። ማታ ደግሞ የራሷ ጥላ ምጣዱ ላይ እያረፈ የእንጀራው ዐይን አይታያትም ነበር።

የቆርቆሮ ጣሪያ አለን። ግን የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከምዕራብ ስለምትገባ ጣሪያ አያግዳትም። የጎን መከለያ ነው የሚያስፈልገው። በምዕራብ በኩል የቀርከሃ መከለያ አቆምኩ፤ እሳት እንዳይነካው ከምድጃው በደንብ አራቅኩት። ከላይ ክፍት ተውኩት፣ ጭሱ ይውጣበት። ሸራ ዋጋው ይረክሳል፤ ግን እሳት ባለበት ቦታ አልመክረውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ የጣሪያው ክፈፍ በደቡብ ብቻ ሳይሆን በሰሜንም ወጣ ይበል።

የማታው ችግር የአምፖሉ ቦታ ነበር። ከጀርባዋ ስለነበር ጥላዋ የምትሠራበትን ሁሉ ይጋርድ ነበር። እሷ በቀኝ እጇ ስለምታሰፋ፣ ከፊቷ በግራ በኩል፣ ከራሷ ከፍ አድርገን አዞርነው። እንፋሎቱ ቀጥታ እንዳይመታውም ከምጣዱ አናት ፈቀቅ አለ። ሌላ ትንሽ አምፖል በቀኝ ስንጨምር ጥላው ጠፋ ማለት ይቻላል።

የመብራቱ ቀለምም ለውጥ ያመጣል። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ነጭ መብራት ወጡን ያደበዝዘዋል። 3000 ገደማ የሆነው የበርበሬውን ቅላት በደንብ ያሳያል። ክረምት ስላለ አይፒ 65 የተጻፈበትን፣ ማለትም አቧራና የውሃ ርጭት የማያስገባ መብራት ገዛሁ። መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ዘረጋው፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ዝናብና እርጥብ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ቤት ውስጥ ገብቷል።